ለአባቴ የአሳ ኩሬ ለሰራልን ወንድማችን ምስጋና፣ ኩሬ ለማስቆፈር ለምታስቡም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ባለፈው አመት ነው፣ ግን ኩሬው አንድ በጋ ሙሉ ውሃ ይዞ ሲከርም በአይኔ አይቼ ልጻፍ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን አይቻለሁ።

አባቴ የቆቃ ልጅ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የ7 አመት ልጅ ነበር፣ ከዛ ወዲህ መንጠቆ ከእጁ ጠፍቶ አያውቅም፣ ስራ ላይ እያለም ጡረታ ከወጣም በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ሃይቁ ዳር ነው የሚገኘው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ግን ጭቃ ላይ መውረድ አቃተው። እኛ ልጆቹ ተመካክረን መቂ ወጣ ብሎ ባለችው የቤተሰብ መሬት ላይ ኩሬ እናሰራለት፣ ከቤት ወጥቶ ቁጭ ብሎ ያጥምድ ተባባልን። ለንግድ አይደለም፣ ለእሱና ለልጅ ልጆቹ መዝናኛ ነው።

መጀመሪያ የያዝነው ሰው ኤክስካቫተር ይዞ መጣ፣ በሁለት ቀን 20 በ30 ሜትር ቆፍሮ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ከጉድጓድ ውሃችን በፓምፕ ሞላነው። በሳምንቱ ጎደለ፣ በወሩ ጭቃ ብቻ ቀረ። ደግመን ሞላን፣ ያው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ቆሞ ያየውና ምንም ሳይል ይመለሳል፣ እኔን ያቃጠለኝ ከብሩ በላይ ያ ዝምታው ነው።

ከዛ የስራ ባልደረባዬ ስለዚህ ባለሙያ ነገረችኝ። ደወልኩለት፣ ቅድሚያ ክፍያ ስንት ነው ስለው "እህቴ መጀመሪያ አፈሩን ልየው፣ የማይሆን ከሆነ ብራችሁን አላስወጣም" አለኝ። መጣ፣ አካፋ ብቻ ይዞ። ኩሬው ውስጥ ወርዶ አራት ቦታ ቆፈረ፣ ከእያንዳንዱ አንድ እፍኝ አፈር አውጥቶ በውሃ አርሶ እንደ ሊጥ ጠፈጠፈና ኳስ አድርጎ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበው። ሶስቱ እጁ ላይ ተበተኑ። ሸክላነት ያለው አፈር ቢሆን ኳሱ አይፈርስም ነበር አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኛ አካባቢ መሬት ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ከስሩ ግን አሸዋና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበት ቦታ ብዙ ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ደህናውን አፈር ጠርጎ አውጥቶ ኩሬውን ወንፊት ላይ ነው ያስቀመጠልን።

አባቴ ግን አላመነም። "ልጄ ይሄን ውሃ ፀሐይ ነው የሚጠጣው፣ መቂ እኮ ሙቀት ነው" አለው። ባለሙያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ አልተከራከረም፣ "አባባ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እንለካዋ" ብሎ ባልዲ አስመጣ። ኩሬው ውስጥ በቀረችው ውሃ ላይ እንጨት ተከለ፣ ባልዲውን ውሃ ሞልቶ እዛው ውሃው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ሁለቱም ላይ በማርከር ምልክት አደረገ። "ባልዲው የሚጎድለው ፀሐይ የጠጣችውን ነው፣ ኩሬው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ትርፉን መሬት ጠጥቶታል ማለት ነው" አለው። በሶስተኛው ቀን ባልዲው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎድሏል፣ ኩሬው 11። አባቴ ራሱ በሜትር ለክቶ "እውነትህን ነው" አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ፣ ስራው እስኪያልቅ አባቴ ወንበሩን አውጥቶ አጠገቡ ነው የዋለው።

ጂኦሜምብሬን (ያ ጥቁሩ ፕላስቲክ) እናንጥፍ ወይ ብዬው ነበር። ይቻላል አለ፣ ግን ዳር ዳሩን ፀሐይ ይጎዳዋል፣ ልጆች በድንጋይ ይበሱታል፣ ደግሞ ያንሸራትታል፣ ህጻን ቢገባ መውጣት ያቅተዋል አለኝ። ይቺን እኔ በፍጹም አላሰብኳትም ነበር። ዋልካ (ሸክላነት ያለው ጥቁር አፈር) በቅርብ ስለተገኘ በሲኖ ገልባጭ መኪና አስመጥቶ ወለሉንም ጎኑንም አለበሰው፣ አንዴ ገልብጦ አይደለም፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ እየደለደለ፣ ውሃ እያርከፈከፈ፣ በሮለር እየጠቀጠቀ፣ ሶስት ዙር። ደረቅ አፈር አይጠቀጠቅም፣ ጭቃም ከሆነ አይሆንም፣ እጅ ላይ ሲጨበጥ ቅርጽ ይዞ ውሃ የማያወጣ ሲሆን ነው ልኩ ብሎ ሰራተኞቹን ሲያስጨብጣቸው አይቻለሁ። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ጨርሶ ወዲያው ውሃ ለቀቀበት፣ ለወደፊቱም ኩሬውን ሙሉ በሙሉ እንዳታደርቁት ብሎ አስጠነቀቀን።

ጎኑን አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር እየገባ አጋደመው፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይናዳል፣ ሰውም ይጥላል። አንዱ ጫፍ 1 ሜትር ሌላው 2 ሜትር ጥልቀት ነው፣ ጥልቁ ጋ የማፍሰሻ ፒቪሲ ቱቦ በኤልቦ (በመታጠፊያ) አቁሞ ገጠመለት፣ ቱቦውን ወደ ጎን ስታጋድሙት ውሃው በምትፈልጉት ልክ ይወርዳል። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አለው። እናቴ የኩሬው ዳር ግድብ ላይ ማንጎ ልትተክል ችግኝ ገዝታ ነበር፣ "እትዬ ስሩ ግድቡን ይበሳዋል" ብሎ 10 ሜትር አርቆ ራሱ ተከለላት። ዳሩ ላይ ሳር እንዳይጥለቀለቅ በየጊዜው አሳጭዱ ብሎናል፣ ቀንድ አውጣውም የወባ ትንኙም እዛ ስለሚራባ፣ ቢልሃርዝያ ደግሞ ከቀንድ አውጣው ነው የሚመጣው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንም ሳይጠይቀው አባቴ ከወንበር ሲነሳ በየትኛው እጁ እንደሚደገፍ አይቶ፣ በዛው በኩል በድንጋይ ሶስት ሰፋፊ ደረጃና የብረት መደገፊያ ሰራለት። ለዛ ተጨማሪ አላስከፈለንም፣ የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበለው።

ውሃው ከሞላ በኋላ አሳ ቶሎ እናስገባ ብለን ስንጨቀጭቀው እምቢ አለ። ባልዲውን መልሶ አስቀመጠና በሳምንቱ ባልዲው 4 ሴንቲ ኩሬው 5 ሲሆን ነው "አሁን ኩሬ ሆነ" ያለው። ከዛ ደግሞ በጆንያ ፍግ አስገብቶ ውሃው አረንጓዴ እስኪል አስጠበቀን፣ ክንዳችሁን እስከ ክርን ስትነክሩ ጣታችሁ ካልታያችሁ በቂ ምግብ አለው ማለት ነው። የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ጫጩት ከባቱ (ዝዋይ) አመጣን፣ በካሬ ሁለት ሂሳብ 1200። በማለዳ፣ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል፣ ፌስታሉን ሳይፈታ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፈፈው፣ ሙቀቱ እንዲመጣጠን። አምባዛ (ሌላ አሳ የሚበላው አሳ) ከሁለት ወር በኋላ ነው የጨመርነው፣ ከቆሮሶዎቹ ያነሱ ትንንሾች። ቆሮሶ በጣም ስለሚራባ ዝም ከተባለ ኩሬው በጥቃቅን አሳ ይሞላና አንዱም አያድግም፣ አምባዛው ልጆቹን እየለቀመ ቁጥሩን ይይዝለታል። ለማጥመጃ ኩሬ ይሄ ዋናው ሚስጥር ነው፣ ብዙ ሰው ቆሮሶ ብቻ አስገብቶ ነው አሳው የማያድግለት።

እውነቱን ልናገር፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ማሽኑ ተበላሽቶበትም 9 ቀን ዘግይቶብናል። ግን ደውሎ ይናገራል፣ ሰው አያስጠብቅም።

አባቴ የመጀመሪያዋን ቆሮሶ ያወጣ ቀን ከመዳፉ ትንሽ ትበልጥ ነበር። መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ መልሶ ለቀቃትና "ለሱም ደውይለት፣ ይምጣና አብረን እናጥምድ" አለኝ። ደወልኩ፣ በእሁዱ ከልጁ ጋር መጣ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ጉልበትህን ያድስልህ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ስለጠየቅኩት እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ የይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወረዳ መሬት አስተዳደር ጠይቃችሁ ቆዩት፣ እሱ ካለፈቃድ ማሽን አያስገባም። ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ያዙት፣ ክረምት ከገባ ሲኖውም ሮለሩም ጭቃው ውስጥ ነው የሚቀረው።