ፎስፌት የሌለው ዱቄት ሳሙና፦ ያጥባል፣ ብዙ አረፋ ግን አትጠብቁ

ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ፓኬቱ ፊት ላይ በትልቁ «ፎስፌት የለውም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የወንዝ ወዳጅ»። ሰሞኑን ልብስ የማጥበው በሱ ነው፣ በእጅም በማሽንም።

ዋናውን ልንገራችሁ፦ ያጥባል። የሸሚዝ ኮሌታ ላይ የሚቀረው ቢጫ መስመር ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ትንሽ ሳሸው ይለቃል። ዘይት ላይ ግን ይሰንፋል። ቀድሜ በደረቅ ሳሙና ካላሸሁት፣ ልብሱ ደርቆም ምልክቱ አይጠፋም። ለማለቅለቅ ግን ግልግል ነው፤ ብዙ ስለማያረፋ ውሃው ቶሎ ይጠራል።

አንዷ ጓደኛዬ አረፋውን አይታ «ይሄ ደግሞ ሳሙና ነው?» ብላለች። አረፋ ስላየን የጸዳ ይመስለናል እንጂ፣ እድፍ የሚያነሳው አረፋው አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነበሩት የልብስ ሳሙናዎች ባክቴሪያ በቀላሉ የማይሰባብረው ኬሚካል ስለነበረባቸው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ አረፋ ይቆለል ነበር።

ፎስፌቱስ ምን አጠፋ? ሥራውን በደንብ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዝና ሳሙናው እንደ ልቡ እንዲያጥብ ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ወንዝና ሐይቅ ሲገባ ውሃ ውስጥ ለሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ውስጥ ሳይንቲስቶች «ሐይቅ 226» የሚባለውን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። ለሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፣ ፎስፌት ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ግን ለአንዱ ብቻ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን በአልጌ አረንጓዴ ሆነ። አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በቤት ውስጥ የልብስ ሳሙና ላይ የፎስፌትን መጠን በሕግ የገደበው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ፎስፌት የለውም» የሚለው ቁም ነገር ነው። «የወንዝ ወዳጅ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ፓኬቱን ገልብጡት። በደቃቅ ፊደል ሽቶ አለ፣ ልብስን ነጭ የሚያስመስል ማንጫም አለ። ማንጫው ቶሎ የሚበሰብስ ነገር አይደለም፤ ልብሱንም አያጸዳውም፣ ዓይናችንን ነው የሚያታልለው። ይህን ጨምሮ ወዳጅ ነኝ ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ሌላው፣ በፎስፌት ፋንታ የገባው ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ጥቁር ሱሪዬ ስፌት ላይ ነጭ ብናኝ ትቶብኛል። ሲያራግፉት ይለቃል፣ ግን ያናድዳል።

ከሁሉ የከፋው መለኪያዋ ናት። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ዓይን አፍጥጠው ካላዩዋቸው አይታዩም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለበዛበት ውሃ ስንት፣ ላነሰበት ስንት የሚል ሠንጠረዥም የለውም። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? በግምት ይዘግናል። የተረፈው ሳሙና በሙሉ ፍሳሽ ውስጥ ነው የሚገባው። የፍሳሽ ማጣሪያ በሌለበት ደግሞ በቀጥታ ወንዝ። እኔ መስመሩን በእስክሪብቶ አድምቄዋለሁ፣ ካሰብኩት ባነሰ ዱቄትም ልብሱ እየጸዳ ነው።

ሲያልቅ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ለነጭና ለቀላል ቀለም ልብስ። ለጥቁሩ ፎስፌት የሌለው ፈሳሽ ሳሙና እፈልጋለሁ፣ ፈሳሾቹ ብዙ ጊዜ ዚዮላይት የለባቸውም። ሽቶም ማንጫም የሌለበት ካገኛችሁ ጠቁሙኝ።