ባለቤቴን ላናገሩልኝ የናክሶስ እማማ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን ጽሁፍ ከተመለስን ጀምሮ እጽፈዋለሁ ስል ሥራ እየያዘኝ ቆየ። ትናንት አንዲት ጓደኛዬ "ከባሌ ጋር ግሪክ ልንሄድ ነው፣ የት እንረፍ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ባጭሩ፣ ናክሶስ በምትባል የግሪክ ደሴት ላይ ጥቂት ክፍሎች የሚያከራዩ አንድ እናት አሉ። ከሄዳችሁ እሳቸው ጋ እረፉ። ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ እማማ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው አዲስ አበባ ነው። ከሠርጉ በኋላ እኔ ወደ ፍራንክፈርት ተመለስኩ፣ እሱ እዚያው ቀረ። የቤተሰብ ቪዛው፣ የጀርመንኛ ኤ1 ፈተናው፣ የቀጠሮው ወረፋ፣ ጎደለ የተባለው ወረቀት... ያለፈበት ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው መጣልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ትዳራችን በስልክ ነበር ማለት ነው። በስልክ ደግሞ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ እስኪነጋ እናወራ ነበር።

ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ዝም አልን። እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፣ ፈረቃዬ ይለዋወጣል። እሱ ጠዋት ቋንቋ ኮርሱን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ሰፈሩን በሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ መጠየቅ ፈራ። ዳቦ ለመግዛት እኔ ከሥራ እስክገባ ይጠብቃል። እያየሁት አንጀቴ ያርር ነበር። አንዳንዴም፣ እውነቱን ልናገር፣ እቆጣው ነበር።

የመጀመሪያው የጋራ ዕረፍታችን እንግዲህ በዚህ መሀል የመጣ ነው። ፈቃድ የተሰጠኝ ነሐሴ ላይ ነው፣ የሱም ኮርስ የተዘጋው ያኔ ነው። "በፍልሰታ ሽርሽር ይኬዳል ወይ?" ያላችሁኝ ነበራችሁ። እኛም ተጨንቀንበታል። በኋላ ጾማችንን ይዘን እንሂድ ብለን ወሰንን። የእማማን ስልክ የሰጠችኝ አብራኝ የምትሠራ ግሪካዊት ናት። የትኛውም የሆቴል መያዣ ገጽ ላይ የሉም፣ በስልክ ብቻ ነው የሚገኙት።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ከፍራንክፈርት አቴንስ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከኤርፖርቱ ሰማያዊው ሜትሮ፣ መስመር 3፣ ሳትቀይሩ ፒሬየስ ወደብ ያደርሳችኋል። ከዚያ በመርከብ ነው። ትልቁ መርከብ ናክሶስ ለመድረስ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ፈጣኖቹ ቶሎ ያደርሳሉ፣ ግን ይወደዳሉ፣ ነፋስ ሲበረታም መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

የኛ መርከብ ዘገየ። ማታ አምስት ሰዓት ይገባል የተባለው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። የሁለታችንም ስልክ ባትሪ አልቋል። ናክሶስ ወደብ ላይ ክፍል አከራዮች የእንግዳ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ይቆማሉ ተብዬ ነበር፣ በዚያ ሰዓት ግን ማን ይኖራል ብዬ ተስፋ ቆርጫለሁ። ስንወርድ ጥቁር የለበሱ አንድ ትንሽዬ አሮጊት የካርቶን ክዳን ደረታቸው ላይ ይዘው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ስሜ በትልልቁ ተጽፎበታል፣ ከስሜ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ነው የጠበቁን። ሻንጣዬን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ እምቢ ስላቸው ባለቤቴን ዞር ብለው አዩትና በጀርመንኛ "ደከመህ ልጄ?" አሉት። እሱም "አዎ፣ ደክሞኛል" አላቸው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ጀርመንኛውን ከየት አመጡት ካላችሁ፣ ምዕራብ ጀርመንና ግሪክ በ1960 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በዚያ ሰበብ ብዙ ግሪኮች ወደ ጀርመን ፋብሪካ ሄደዋል። እማማም በሃያ አንድ ዓመታቸው ሽቱትጋርት ሄደው ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካ ሠርተዋል። አሁን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጀርመንኛቸው የፋብሪካ ጀርመንኛ ነው፤ አጭር፣ ቀስ ያለ፣ ሰዋስው የማያስጨንቀው።

በማግስቱ ጠዋት የአይብ ፓይ፣ እንቁላልና እርጎ ከምረው አቀረቡ። እኛ አልነካነውም። ፊታቸው ጠቆረ፣ የጠሉት ምግብ መሰላቸው። ጾም መሆኑን ስነግራቸው "ኒስቲያ?" ብለው አማተቡ፣ ከዚያ "እኛም እኮ!" አሉ። ለካ ግሪኮችም ለእመቤታችን ይጾማሉ። እነሱ ሐምሌ 25 ጀምረው ነሐሴ 9 ይፈታሉ፣ እኛ ነሐሴ 1 ገብተን በ16 እንፈታለን። ያን ሁሉ አይብ የሠሩት ለእንግዳ ብለው ነው እንጂ እሳቸውስ አልቀመሱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማንበላ ሲሰሙ ደግሞ ያለምንም ተጨማሪ ክፍያ ቁርሳችንን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወሩልን። እሳቸውም ምሳ የሚበሉት በዚያ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ገበታ ሆነ።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልበል፣ ጾመኛ ሆኖ ግሪክ መሄድ የሚፈራ ካለ ይጠቅመዋል። ምግብ ቤት ስትገቡ "ኒስቲሲሞ" በሉ፣ የጾም ማለት ነው፣ ይገባቸዋል። "ፋቫ" የሚሉት ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ ላይ ላዩን የወይራ ዘይትና ቀይ ሽንኩርት ይደረግበታል። ባለቤቴ ገና ሲቀምሰው "ይሄማ አልጫ ክክ ነው!" አለ። የተቀቀለ የዱር ጎመን ከሎሚ ጋር አለ። በቲማቲም የበሰለ ትልልቅ ነጭ ባቄላ አለ። የናክሶስ ድንች ደግሞ ግሪክ ውስጥ ስሙ የታወቀ ነው፣ እውነትም ይጣፍጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ እነሱ ጾም ላይ ኦክቶፐስና ስኩዊድ ይበላሉ። ደም ስለሌለው ነው ይላሉ። እማማ ኦክቶፐስ ጠብሰው ሲያመጡ የኛ እንደማይፈቅድ ነገርናቸው፣ ምንም ሳይከፋቸው ለጎረቤት ሰጡት።

አሁን ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ ጉዳይ ላይ ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ከባህር ስንመለስ እማማ ግቢው ውስጥ የወይን ሐረግ ሥር ተቀምጠው ቲማቲም ይፈለፍላሉ። ባለቤቴን "ና፣ ተቀመጥ" አሉት። ማንኪያ ሰጡት። ክዳኑን ይቆርጡና ውስጡን ያወጣሉ፣ ከዚያ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ናና ያለበትን ይሞሉታል። የመጀመሪያውን ቲማቲም በሳው። እጁን ያዙና ማንኪያውን በዳር በዳር እንዲያዞር አሳዩት። ሁለተኛው ወጣለት። ሩዙን እስከ አፉ ሲሞላ "አይ፣ አይ፣ ትንሽ ነው" አሉት። እሱም ቀና ብሎ በጀርመንኛ "ለምን?" አላቸው።

ያቺን "ለምን" መቼም አልረሳትም። ጀርመን ከመጣ ጀምሮ ሰው ሲጠይቀው ይመልስ ነበር እንጂ እሱ ራሱ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። እማማ የተጨበጡ ጣቶቻቸውን ዘርጋ አድርገው እያሳዩ "ሩዝ ያድጋል" አሉት። እሱ ቀጠለ። ቲማቲሙ ከማን ገበሬ ነው፣ ስንት ልጅ አለዎት፣ ሽቱትጋርት ይበርድ ነበር ወይ። ግሱ ይሳሳታል፣ እሳቸውም ይሳሳታሉ፣ ግን ይግባባሉ። እኔ ፀጉሬ ውሃ እያንጠባጠበ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አዳምጣቸዋለሁ፤ የእናቱን ቤት፣ የሰፈሩን ልጆች፣ ኳስ ሲጫወት የሰበረውን መስኮት ሲነግራቸው፣ እሳቸውም ከት ብለው ሲስቁ። በስልክ የማውቀው ባሌ እሱ ነበር። "ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚሉትን ተወው" አሉት መጨረሻ ላይ (ከጀርመንኛ ስሞች ፊት እየገቡ ጾታ የሚለዩት፣ ተማሪውን ሁሉ የሚያስጨንቁት ቃላት ናቸው)፣ "እኔ ዘጠኝ ዓመት ያለሱ ሠርቻለሁ፣ ሰው ይገባዋል።"

የዚያን ዕለት ማታ እሱ ሲተኛ እኔና እማማ ግቢው ውስጥ ቀረን። የሳቸው ባል ጀርመን የሄደው ከሳቸው ሁለት ዓመት ዘግይቶ መሆኑን ነገሩኝ። "አንድ ዓመት ዝም አለ" አሉኝ። "እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኝ እገባለሁ፣ እሱ መስኮት ጋ ተቀምጧል። ተቆጣሁት። መቆጣት አልነበረብኝም።" ሌላ አልጨመሩም። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ስለኔ ቁጣ የነገርኳቸው አንዳች ነገር አልነበረም፣ እንዴት እንዳወቁ እስካሁን ይገርመኛል።

ነሐሴ 9 የነሱ በዓል ነው። ደሴቷ ውስጥ ትልቁ ክብረ በዓል ተራራው ላይ ባለችው ፊሎቲ የምትባል መንደር ነው የሚከበረው። እማማ ከዘመዶቻቸው ጋር በመኪና ይዘውን ሄዱ። ነጠላዬን ለብሼ ነው የሄድኩት። ቅዳሴው በግሪክኛ ስለሆነ አንድም ነገር አልገባንም፣ ካህኑ "ኪርዬ ኤሌይሶን" እስኪሉ ድረስ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ "ኪርያላይሶን" እያልን ያደግንበት ጸሎት እዚያ ተራራ ላይ ጠበቀን። እንባዬ መጣ። ከዚያ ቤት ስንመለስ እማማ ለቤተሰቡ የፍየል ሥጋ፣ ለኛ ደግሞ ለብቻው በትንሽ ድስት ባቄላ ሠርተዋል። የኛ ጭልፋ እጀታ ላይ ነጭ ክር አስረውበታል፣ ማንም ተሳስቶ ሥጋው ውስጥ እንዳያስገባው።

የምታዩት ነገር ሞልቷል። ወደቡ አጠገብ ፖርታራ የሚሉት ትልቅ የእብነ በረድ በር ቆሟል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ ተጀምሮ ያላለቀ ቤተ መቅደስ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሂዱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ባህር ዳርቻ ከከተማው በእግር የሚደረስ ነው፣ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ እንደኛ ዋና ለማይችል ሰው ይመቻል። እማማ መኪና አትከራዩ፣ ገንዘባችሁን አትጣሉ ብለውን በአውቶቡስ ነው የዞርነው። ሃልኪ በምትባለው መንደር ከ1896 ጀምሮ የሚሠራ መጥመቂያ አለ፣ ከትርንጎ ቅጠል ኪትሮን የሚባል መጠጥ ያወጣሉ። አንድ ጠርሙስ ገዝተን ከአንድ ቁራጭ የናክሶስ አይብ ጋር ለጾም መፍቻ አስቀመጥነው። ነሐሴ 16 ፍራንክፈርት ላይ ከፈትነው።

አንድ ተጨማሪ ውለታም ውለውልናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ደመና ሳይኖር፣ ባህሩ ይናወጣል። ሲብስ መርከቦቹ እንዳይወጡ ይከለከላሉ። ከመሄዳችን ሁለት ቀን በፊት እማማ ወደብ ደውለው አጣሩና "ነገ ሂዱ፣ ከነገ ወዲያ መርከብ ላይኖር ይችላል" አሉን። የአንድ ሌሊት ኪራይ እየቀረባቸው ነው ይህን ያሉን፣ የከፈልነውንም መለሱልን። አቴንስ አደርን። እንዳሉትም በማግስቱ መርከቦቹ ተከለከሉ፣ እኛ አውሮፕላናችን አላመለጠንም። ስለዚህ ማንም የሚሄድ ሰው ከደሴቱ ወጥቶ በዚያው ቀን አውሮፕላን እይዛለሁ እንዳይል፣ አንድ ቀን አቴንስ ይተው።

ክፍሉን በተመለከተ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንሽ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ጉልበት ለሚያመው አይሆንም። ሶፍት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣልም፣ ቅርጫት አለው፤ ደሴቶቹ ላይ በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ንጽህናው ግን እንከን አይወጣለትም፣ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ነሐሴ ላይ ለአንድ ሌሊት 70 ዩሮ ከፈልን፣ መንግሥት የሚያስከፍለው የአየር ንብረት ክፍያ ለብቻው ነው።

ባለቤቴ አሁን ዳቦ የሚገዛው ራሱ ነው። እሁድ እሁድ እማማ ጋ ይደውላል፣ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፣ እኔን ሰላም የሚሉኝ መጨረሻ ላይ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃቸው እሰጣችኋለሁ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለነሐሴ ከፋሲካ በፊት ደውሉ። ጀርመንኛ የማትችሉ አትፍሩ፣ ቀስ ብላችሁ በምትችሉት አውሩ፣ ይገባቸዋል። ጾመኛ ከሆናችሁም ስትደውሉ ንገሯቸው፣ ነጭ ክር የታሰረባት ጭልፋ አለች።