ለውሻ ፎቶ ተብሎ የሚሸጠውን «የቤት ስቱዲዮ» ከመግዛታችሁ በፊት

በደሴና በኮምቦልቻ በቴሌግራም የሚሸጠው «ሙሉ የቤት ስቱዲዮ» የተባለ ጥቅል፣ ውሻን ቤት ውስጥ በስቱዲዮ ደረጃ ለማንሳት ያገለግላል ተብሎ ቢተዋወቅም ይህን ሥራ የማይሠራ መሆኑን ለማሳወቅ እወዳለሁ። ጥቅሉ ሁለት ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን)፣ ሁለት ስታንድ፣ ሁለት የኤልኢዲ አምፖልና አንድ ጥቁር የጀርባ ጨርቅ ይዟል። እህቴ ፒያሳ አካባቢ ስትረከበው 8,500 ብር የከፈለችበት ሲሆን፣ የገንዘቡ ግማሽ ዕቃው ሳይታይ በቀብድ የተላከ ነው።

ዋናው ጉድለት ብርሃኑ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «150 ዋት» ተጽፏል፤ አምፖሉ አንገት ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመው ግን 25 ዋት ነው። ትልቁ ቁጥር፣ የድሮው ባለክር አምፖል ያንኑ ያህል ብርሃን ለመስጠት ስንት ዋት ይፈጅ እንደነበር የሚያሳይ ንጽጽር እንጂ የዚህ አምፖል ኃይል አይደለም፤ ሻጩ ይህ ሲነገረው «መቶ ሃምሳ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ምናልባት ይበቃ ይሆናል። ውሻ ግን ተቀመጥ ተብሎ ቢታዘዝ እንኳ ጆሮውን ያዞራል፣ አፍንጫውን ይልሳል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል፤ ስለዚህ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ገደማ ማድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ፍጥነት የአምፖሎቹ ብርሃን ስለማይበቃ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ በዚህም የተነሳ እንደ እኛው ቡቺ ጥቁር የሆነ ውሻ ጸጉሩ ዘለላ በዘለላ መታየቱ ይቀርና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ምስሉ ላይ የሚወጣው መስመር ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ በመሆኑ፣ የውስጥ ዕቃው ርካሽ የሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን ይህን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ሻተሩ ከ1/100 ሰከንድ በፈጠነ መጠን ምስሉ ላይ ጠቆር ያሉ ሰፋፊ መስመሮችን ያወጣል። እንግዲህ ሻተሩ ሲዘገይ ውሻው ይደበዝዛል፣ ሲፈጥን መስመር ይመጣል። ማስታወቂያው ላይ አየር ላይ እንደዘለለ የሚታየው ወርቃማ ውሻ በዚህ ዕቃ ተነስቷል ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ እንዲያ ያለውን ምስል የሚያወጣው ፍላሽ ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አምፖሉ እንዲበራለት ይጠይቅ፤ የስልኩን ካሜራ ሻተር በእጅ ወደሚስተካከልበት አሠራር ቀይሮ 1/1000 ላይ ያድርግና አምፖሉን አስጠግቶ ይመልከት። መስመር ከታየ ዕቃው ለውሻ አይሆንም። ሻጩ መብራት ጠፍቷል የሚል ምክንያት ካቀረበ፣ መብራቱ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ስታንዱ ቀላል በመሆኑ የውሻ ጅራት ይጥለዋል፤ ጨርቁም በጥፍር ወዲያው ይተረተራል።

ውሻቸውን ቆንጆ አድርገው ማንሳት ለሚፈልጉ፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነበት ረፋድ በር ከፍቶ ውሻውን ከደጁ ጎን ማስቀመጥና ከጀርባው ጥቁር ብርድ ልብስ ራቅ አድርጎ መስቀል፣ ያለ አንዳች ወጪ ከዚህ ጥቅል የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የካርቶኑ 150 ዋት ይህን የሚያሟላ አይመስለኝም። ዕቃውን ቀድሞ የገዛ ሰው የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የቴሌግራም ምልልሱንና የአምፖሉን አንገት ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ፤ አቤቱታውን ለከተማው ንግድ መምሪያ ሲያቀርብ ይጠቅሙታል። ሻጩ አሁን የቻናሉን ስም ቀይሯል፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ግን ያው የሚዘለው ወርቃማ ውሻ ነው።