ልጄ የምትውልበት ደይኬር፣ ሐዋሳ፦ ከ5 ኮከብ 4

ስሙን አልጽፍም። ቅሬታ አለኝ፣ ማስታወቂያም እንዲመስል አልፈልግም። አቶቴ አካባቢ ሆናችሁ ልጅ የት ላውል ብላችሁ የምትጨነቁ ግን አንብቡት፤ ሌላ ሰፈር ብትሆኑም ደይኬር ስታዩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል። ስምንት ወር ሞልቶናል።

ባለቤቴ የምትሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ሰርቪሷ ሳይነጋ ይመጣል። ስለዚህ ልጃችንን ቀስቅሼ፣ አጥቤ፣ ጠጉሯን አስይዤ በባጃጅ የማደርሳት እኔ ነኝ። ጠጉር ማስያዝ ስል ሁለት ቁንጮ ማለቴ ነው፤ አንደኛው ደይኬር ሳንደርስ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ተሻሽያለሁ ግን። የመጀመሪያው ወር በር ላይ የማገኛቸው እናቶች በሙሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «እናቷን አመማት እንዴ?»

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ቤቱ ንጹሕ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ የሚመጣ ወላጅም ቢሆን። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፍራሽና የራሱ ፖፖ አለው። ምሳ ዕቃ ከቤት ትይዛላችሁ፣ መክሰስ እነሱ ይሰጣሉ። በወር 4,000 ብር ነው፤ ርካሽ አይደለም። ከሁሉም የምወደው ደብተሩን ነው። ማታ ስወስዳት አንድ ገጽ ተጽፎ ይጠብቀኛል፦ «ምሳዋን ግማሽ በላች። አንድ ሰዓት ተኛች። ብርቱካን እምቢ አለች።» ይህችን ገጽ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምታነበው።

ሌላው ደግሞ ወንድ ሞግዚት አላቸው። አንድ ነው፣ ወጣት ልጅ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳየው ደስ አላለኝም። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰበብ ፈልጌ ቀድሜ እየመጣሁ በመስኮት አያለሁ። ያየሁት አንድ ወጣት ሦስት ሕፃናት ጀርባው ላይ አዝሎ እንደ ፈረስ ሲንፏቀቅ ነው። ያን ዕለት አፈርኩ። እኔ በር ላይ «እናቷ የት አለች?» ስባል እናደዳለሁ፣ እሱን ግን እኔ ራሴ በዚያው ዓይን ነበር የማየው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስትመዘገቡ ቅጽ ይሰጣችኋል። ቅጹ ላይ «ክፍያ የሚፈጽም» ከሚለው ጎን «አባት» ተብሎ ታትሟል። «ስልክ» ከሚለው ጎን ደግሞ «እናት» ተብሎ ታትሟል። በቃ፣ ይኸው ነው። አባት ማለት ብር፣ እናት ማለት የቀረው በሙሉ። እኔም ዝም ብዬ ሞላሁት፣ ልብም አላልኩትም።

በሦስተኛው ወር ልጅቷ አተኮሳት። ባለቤቴ ጋ ደወሉ። አላነሣችም። እሷ የፋብሪካው ማምረቻ መስመር ላይ ስትሆን ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው፤ ይህንንም ስንመዘገብ ነግረናቸዋል። ደግመው ደወሉ። አራት ጊዜ። እኔ በዚያን ሰዓት በባጃጅ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ስልኬ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ባለቤቴ ለምሳ ወጥታ ያልተነሡትን ጥሪዎች አይታ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አልፎ ነበር። ሮጬ ደረስኩ። ደህና ነበረች፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያበርዷት ቆይተዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። «ለምን ለእኔ አልደወላችሁም?» አልኩ። ሞግዚቷ ከልቧ ደንግጣ «ይቅርታ አባቷ፣ ለአባት መደወል ልማድ የለንም» አለችኝ።

ፌሚኒዝም ሲባል የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ ብላችሁ የምታልፉ ወንዶች፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ማን ተጎዳ? ባለቤቴ አራት ያልተነሣ ጥሪ አይታ እግሯ ከዳት። እኔ ልጄ ታማ እንደ ሩቅ ዘመድ መጨረሻ ላይ ሰማሁ። ልጅቷም እያተኮሳት ቆየች። አንድ ቅጽ ላይ በታተሙ ሁለት ቃላት።

ይህ የአባትና የእናት ድርሻ አከፋፈል ከሰማይ አልወረደም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ብሎ ነበር የጻፈው፤ ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል ናቸው ያሉት የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ናቸው። ቅጹ ግን ከድሮው ፎቶ ኮፒ እየተደረገ የኖረ ይመስላል። የሥራውም ሕግ ቢሆን ገና ነው። ልጃችን ስትወለድ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለባለቤቴ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ተሰጣት። ለእኔ 3 ቀን። በ3 ቀን የሚለመድ ነገር ቢኖር የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም፤ የቢሮ ጓደኛዬም ብሎኛል። ሐዋሳ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው የሲዳማን ያካ አልሰማም ማለት ነው። ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሲቆ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በአንድነት የሚወጡበት ባህል ነው፣ ከእኛ ደይኬርም ከእኔም ቢሮ በፊት የነበረ።

አንድ ነገር ደግሞ በራሴ ላይ ልጻፍ። ከደይኬሩ በፊት ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነበረችን፣ የ17 ዓመት ልጅ። ባለቤቴ ሥራ የተመለሰችው፣ እኔም «ሚስቴ ትሥራ እንጂ» እያልኩ ጉራዬን የምነዛው በእሷ ጀርባ ነበር። ሌሊት ሕፃኗ ስታለቅስ የምትነሣው እሷ ናት። የእረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ያው 1156 የእኔን እረፍት ይቆጥርልኛል፤ የቤት ሠራተኛን ግን ከወሰኑ ውጪ አድርጓታል። የማታ ትምህርት ልመዝገብ ስትለን «ሕፃኗ ትንሽ ትደግ» አልናት። ሁለት ሳምንት ቆይታ ሄደች። ልክ ነበረች።

ወደ ደይኬሩ ልመለስ። ቅጹን ይዤ ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልተጣላንም። አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «ለስንት ዓመት እንዲሁ ስናትመው ኖርን» አለች። አሁን ቅጹ ላይ «መጀመሪያ የሚደወልለት» እና «ቀጥሎ የሚደወልለት» የሚል ነው ያለው። ማንም ይሁን። ስብሰባ ሲጠሩም ድሮ «ውድ እናቶች» ነበር የሚሉት፣ ቀይረውታል። ባለፈው ስብሰባ አባቶች ስድስት ሆነን ተገኘን፤ ሁለቱ ስልካቸውን ሲያዩ ዋሉ፣ ቢሆንም መጥተዋል።

ታዲያ አንዷን ኮከብ ለምን ነፈግኳቸው? ለሞግዚቶቹ። ልጄን የምትይዘው ሞግዚት የራሷ የሁለት ዓመት ልጅ አላት። የት ታውላታለሽ ስላት «ጎረቤት» አለችኝ። የእኛን ልጆች ቀኑን ሙሉ አቅፋ የምትውልበት ቤት ለልጇ የሚከፈለውን ከደሞዟ አትችለውም። ለኃላፊዋ ነገርኳት። ኪራይ ጨምሮባቸዋል፣ «እናስብበታለን» አለች። ይህ ከተባለ ሁለት ወር ሆኖታል። አስበው ሲጨርሱ ገብቼ አምስተኛዋን እጨምራለሁ።

ለመመዝገብ የክትባት ካርድና ሁለት ፎቶ ያዙ። ክፍያ ወር በገባ እስከ 5 ነው። ቅያሪ ልብስ ሁለት አድርጉ፤ አንድ አይበቃም፣ በተለይ ማንጎ የሚሰጡ ቀን።