የጃፓን ሆት ፕሌት እንጀራ ያወጣል ወይ? ከሐዋሳ ለሚሄድ ተማሪ

ለትምህርት ወደ ጃፓን የሚሄድ የሐዋሳ ልጅ ሻንጣ ሲዘጋጅ አንድ ክርክር አይቀርም፤ ምጣድ ይያዝ ወይስ ይቅር? እናት «ያዝ» ትላለች፣ ኪሎው ያሳሰበው ወንድም «ተው» ይላል። ወንድምየው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ኪሎ ሳይሆን መብራት ነው። የጃፓን የቤት መብራት 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እዚህ 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ እዚያ ሲሰካ የሚያገኘው አንድ አምስተኛውን፣ 720 ዋት አካባቢ ነው። ለብ ይላል እንጂ አይግልም፤ ሊጡም ሳይበስል ላዩ ላይ ይደርቃል። ቮልት የሚጨምር ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ከ100 ቮልት ላይ 3,500 ዋት ለመሳብ 35 አምፒር ያስፈልጋል፤ ተራው የጃፓን ሶኬት የሚችለው 15 ብቻ ነው። የሸክላውን ምጣድ ብቻ ነቅሎ መውሰድም አያዋጣም፤ ብዙ ዶርም የጋራ ኩሽና ውስጥ ያለው በማግኔት ብረት ድስትን ብቻ የሚያሞቅ ኢንዳክሽን ምድጃ ስለሆነ ሸክላን ጨርሶ አያሞቅም።

ስለዚህ የሚቀረው እዚያው የሚሸጠው ሆት ፕሌት ነው። ጃፓኖች ጠረጴዛ መሀል አስቀምጠው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው ሥጋና ኦኮኖሚያኪ (ጎመን የገባበት ወፍራም ቂጣ) የሚጠብሱበት የኤሌክትሪክ መጥበሻ ማለት ነው። ዞጂሩሺ፣ ታይገር፣ አይሪስ ኦያማ ሁሉም ይሠሩታል፤ አብዛኞቹ 1,200 ወይም 1,300 ዋት ናቸው፣ መቆጣጠሪያቸውም እስከ 250 ዲግሪ ይደርሳል። ለእንጀራ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እንሰጠዋለን። የጎደለው አንድ ተኩል በምን እንደሆነ ማወቁ ከኮከቡ ይልቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ግዢው። ባለ አንድ ሳህን ርካሹ አዲስ ዕቃ 5,000 የን አካባቢ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳህን ያለው ከ10,000 ያልፋል። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የተማሪዎች ድጋፍ ድርጅት ለልውውጥ ተማሪ በወር የሚሰጠው 80,000 የን ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ትርፎቹ ሳህኖች አንዱ ታኮያኪ የተባለው ድቡልቡል መክሰስ የሚጋገርበት ባለ ጉድጓድ፣ አንዱ ሥጋ የሚጠበስበት ባለ ሸንተረር ነው፤ ለእንጀራ አንዳቸውም አይረቡም። ጠፍጣፋውን ብቻ ይዞ የሚመጣውን፣ ከተገኘም 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን አራት ማዕዘን ይግዙ። ክቡ ያምራል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከ35 ሴንቲ ስለማያልፍ የሚወጣው እንጎቻ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት እንደ ሃርድ ኦፍ ካሉ ሱቆች በ2,000 የን ገደማ ሊገኝ ይችላል። እዚያ መታየት ያለበት ገመዱ ነው። የብዙዎቹ ገመድ ከዕቃው ይነቀላል፤ ጫፉ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያውና ወደ ሳህኑ የሚገባ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። ሙቀቱን የሚለካው ያ ዘንግ ነው፤ የሌላ ሞዴል አይገጥምለትም። ገመዱ ከሌለ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ። ሳህኑንም ወደ መስኮት አዘንብሎ ማየት ነው፤ መሀሉ ላይ የተፋቀ ነጭ ነጥብ ካለ ሊጡ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የእኛ ምጣድ ሸክላ ነው፤ ሙቀቱን ውስጡ ያጠራቅማል፣ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበትም ቶሎ አይበርድም። ሆት ፕሌት ግን ስስ አሉሚኒየም ነው። ሊጡ ሲያርፍበት ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ማሞቂያ ደግሞ የታጠፈ ቀለበት እንጂ ሙሉ ገበታ አይደለም። የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥቶ ወደ ብርሃን ለያዘው ሰው የቀለበቱ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ማሞቂያው ባለፈበት መስመር ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል፣ መሀሉና አራቱ ማዕዘን ልሙጥ ናቸው። ይሄ የሊጥ ጥፋት አይደለም፣ እርሾ መጨመርም አያድነውም።

የሚያድነው ትዕግሥት ነው። መቆጣጠሪያውን 250 ላይ አድርጎ ክዳኑን መግጠም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ትጠፋለች፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ መብራቷ የምትናገረው ዘንጉ ያለበትን ቦታ ብቻ ነውና። ሁለት ጊዜ ጠፍታ እስክትበራ፣ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ሊጡ ከፍሪጅ የወጣ አይሁን፣ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ ከቤቱ ሊጥም ትንሽ ይቅጠን። ለ40 በ30 ሳህን ሩብ ሊትር ይበቃል። ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል ማፍሰስ፣ ዓይኑ ሲወጣ መክደን፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት። ክዳኑ እንደ አክንባሎ እንፋሎት አይመጥም፤ ውስጡ ላብ ያጠራቅምና ሲነሳ እንጀራው ላይ ያንጠባጥባል፣ ጠብታው ያረፈበትም ሙጫ ይሆናል። ክዳኑን ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በየእንጀራው መካከል በደረቅ ፎጣ መጥረግ። ቀጣዩን ከማፍሰስ በፊት 3 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። በሰዓት 10 እንጀራ ካወጡ ጎበዝ ነዎት።

ሰፌድ አይሠራም። ሳህኑ ዙሪያውን ከንፈር ስላለው ሰፌዱ ከእንጀራው ሥር አይገባም። ከመቶ የን ሱቅ፣ ለምሳሌ ከዳይሶ፣ በ110 የን የሚገዛ የሚተጣጠፍ ስስ የፕላስቲክ መክተፊያ ይሻላል። ግን ፕላስቲክ ነውና የጋለው ሳህን ላይ አይረፍ፤ አንዱን ጠርዝ በሲሊኮን ማንኪያ ብድግ አድርጎ እንጀራውን ወደ መክተፊያው መሳብ ነው።

ምጣድ ማሟሸት የለመደ እጅም እዚህ ይሰብሰብ። ሳህኑ የማያጣብቅ ቅብ አለው፤ በጨው መፈተግ፣ በብረት መፋቅ፣ ጎመን ዘር ማሳረር ቅቡን ይጨርሰዋል። በዘይት የረጠበ ጨርቅ እንኳ ከአምስት እንጀራ አንዴ ይበቃዋል፤ ዘይት ሲበዛ ዓይኑ ይደፈናል።

ሊጡ ላይ ሁለት ነገር። ጤፍ ጃፓን ውስጥ በኢንተርኔት ይገኛል፣ ግን ውድ ነው፤ ስለዚህ በሩዝ ዱቄት ማብዛት የተለመደ ነው፣ ሁለት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ሩዝ። የሚገዛው «ጆሺንኮ» የተባለው ነው። አጠገቡ የሚደረደሩት «ሞቺኮ» እና «ሺራታማኮ» ከሚያጣብቅ ሩዝ የተፈጩ ናቸው፤ እነሱን ያስገባ ሰው የሚያገኘው ማስቲካ ነው። ሁለተኛው አየሩ ነው። ሐዋሳ ላይ ሦስት ቀን የሚበቃው ሊጥ በጃፓን የብርድ ወራት፣ ማሞቂያ በሌሊት በሚጠፋበት ክፍል፣ አምስት ቀን ቢፈጅ አይገርምም፤ በነሐሴ ወበቅ ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ይኮመጥጣል። በብርዱ ጊዜ የአሳ ማሸጊያ ነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ ከሙቅ ውሃ ጠርሙስ ጋር ማስቀመጥ ይረዳል። የሩዝ ማብሰያው «ሙቅ አቆይ» ቁልፍ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚይዝ እርሾውን ይገድለዋል። አብሲት አይዘለል፤ ከሊጡ አንድ ኩባያ በሦስት ኩባያ ውሃ አፍልቶ፣ ለብ ሲል መልሶ፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ብዙ የተማሪ ክፍል ውል 20 ወይም 30 አምፒር ነው። 20 አምፒር 2,000 ዋት ማለት ስለሆነ ሆት ፕሌቱና ማይክሮዌቩ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይጥላል። ሣጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመግቢያው በር በላይ ነው፤ አንዱን ነቅሎ ማንሻውን መመለስ ነው። በማከፋፈያ ገመድ ከሌላ ዕቃ ጋር አይሰካ፣ ግድግዳው ላይ ለብቻው። ጃፓን ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው፤ ቶኪዮ ድሮ ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ጄኔሬተር በመግዛታቸው የቀረ ጣጣ ነው። ሆት ፕሌት ማሞቂያ ብቻ ስለሆነ ይህ አይነካውም፤ ከቶኪዮ ኦሳካ የሚዛወር ሰው መፈተሽ ያለበት አሮጌ ማይክሮዌቭ ካለው እሱን ነው።

ከመግዛት በፊት ግን የዶርሙን ደንብ። ክፍል ውስጥ የሚያሞቅ ዕቃ የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። «ሆቶ ፑሬቶ፣ ትሱካቴ ሞ ኢይ ዴስ ካ» (ሆት ፕሌት መጠቀም ይቻላል ወይ?) ብሎ ኃላፊውን መጠየቅ ገንዘብ ያድናል። ቢፈቀድም ቡና አይቆላበት፤ ቅቡ ለዚያ አልተሠራም፣ የጢስ ጠቋሚውም ጣሪያው ላይ ነው።

ለቂጣና ለጨጨብሳ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፣ 5 ኮከብ። ሊጡ ወፍራም ስለሆነ የቀለበቱ ጉዳይ አይታወቅበትም፣ 180 ዲግሪ ላይ ሁለቱም ወገን ሳያር ይበስላል። የጾም ቁርስ እንዲህ በቀላሉ የሚሠራበት ሌላ ዕቃ ዶርም ውስጥ የለም፤ የሱቁ ሾርባና ሶስ አብዛኛው የአሳ መረቅ አለበትና።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዕቃውን ለማስታወሻ ብሎ ወደ ሐዋሳ ማምጣት የምጣዱን ስህተት ገልብጦ መድገም ነው። 1,300 ዋቱ ማሞቂያ 220 ቮልት ላይ ከ6,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ወዲያው ይቃጠላል። መጣሉም ወጪ አለው፤ በቶኪዮ ወረዳዎች አንድ ጎኑ ከ30 ሴንቲ የሚያልፍ ዕቃ «ሶዳይ ጎሚ» (ትልቅ ቆሻሻ) ስለሚባል ቀን አስይዞ፣ ከኮንቢኒ (ከሰፈር ሱቅ) የክፍያ ተለጣፊ ገዝቶ፣ ለጥፎ ማውጣት ያስፈልጋል። በሚያዝያ ለሚገባው አዲስ ተማሪ መስጠት ይቀላል፤ ገመዱን ከነዘንጉ ሳህኑ ላይ በፕላስተር አስሮ።