ዲዝኒ ወርልድ፦ ወረፋ ለመዝለል ለየትኛው ራይድ ይከፈላል፣ ለየትኛውስ አይከፈልም?

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ የሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ የራይድ (የመሳፈሪያ መጫወቻ) ወረፋ መዝለያውን ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። በጁላይ 2024 አገልግሎቱ ላይትኒንግ ሌን በሚል ስም እንደገና ተደራጀ። ዋጋው አሁን እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ይለያያል፤ ከአራቱ ፓርኮች ማጂክ ኪንግደም ውዱ፣ አኒማል ኪንግደም ርካሹ ነው። የትምህርት ቤት እረፍት ሲመጣ ሁሉም ይወደዳል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ፣ የቱ ላይ እንደሚያዋጣ ቤት ሳሉ ቁጭ ብሎ ማስላት ይገባል።

ሦስት ዓይነት ነው። መልቲ ፓስ የአንድ ፓርክ አብዛኞቹን ራይዶች ይሸፍናል፤ ሦስቱን ከነሰዓታቸው አስቀድማችሁ ትይዛላችሁ፣ አንዱን ስትጠቀሙበት በምትኩ ሌላ ትጨምራላችሁ፣ እንዲህ እያለ እስከ ማታ ይቀጥላል። ሲንግል ፓስ በጣም ተፈላጊ ለሆኑ ጥቂት ራይዶች ለየብቻ የሚሸጥ ነው፤ አንድ ሰው በቀን ከሁለት በላይ መግዛት አይችልም። ፕሪሚየር ፓስ ደግሞ ሰዓት ሳይቆረጥ የአንድን ፓርክ ራይዶች አንድ አንድ ጊዜ ያስገባል። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ ለቤተሰብ አንመክረውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በራይዱ መግቢያ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ብቻ አይቶ ሲገዛ ነው። ከደቂቃው በፊት መታየት ያለበት ራይዱ በሰዓት ስንት ሰው እንደሚያሳፍር ነው። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሆንትድ ማንሽንን ተመልከቱ፦ ጥቋቁር ወንበሮቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ያለማቋረጥ ይዞራሉ፤ ሰው ከሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ እየረገጠ ይሳፈራል። ወረፋው ረጅም ቢመስልም ሁልጊዜ ይራመዳል። ፒተር ፓንስ ፍላይት ግን ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ትናንሽ መርከቦች ናቸው፤ አንዷ መርከብ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወይም አንድ ቤተሰብ ከትንሽ ልጅ ጋር ይዛ ትሄዳለች። ራይዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ወረፋው ግን ቀኑን ሙሉ አይቀልም። ቁመት ስለማይጠይቅ ልጅ ያለው ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። ወረፋ ለመዝለል የሚከፈል ገንዘብ ዋጋ የሚያወጣው እንደ ፒተር ፓን ባሉት ላይ ነው።

ሁለቱ ወረፋዎች የሚገናኙበትን ቦታ ያየ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገባዋል። ከፋዮቹ በር ላይ ባለው ምሰሶ ላይ የእጅ አምባራቸውን (ማጂክ ባንድ) ወይም ስልካቸውን ያስጠጋሉ፤ ክብ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ማለፍ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ሠራተኛው ታብሌቱን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለቱ መንገዶች አንድ ይሆናሉ። እዚያ የቆመው ሠራተኛ ለተራው ወረፋ መዳፉን ዘርግቶ ያቆማል፤ ከፋዮቹን በብዛት ያሳልፍና ከተራው ጥቂት ይለቃል። ተራው ወረፋ ሳይራመድ ቆሞ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከፋዩም ቢሆን ወዲያው አይሳፈርም፤ በተጨናነቀ ቀን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ስለዚህ 30 ደቂቃ ለሚል ራይድ መክፈል ማለት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ መግዛት ማለት ነው።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ እንውሰድና ትንሹ ልጅ ሁለት ዓመቱ ይሁን። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመግቢያ ቲኬትም ፓስም ስለማያስፈልገው የሚከፈለው ለአራት ነው። መልቲ ፓሱ በዚያ ቀን 25 ዶላር ቢሆን 100 ዶላር፣ ከ6.5 በመቶ ታክሱ ጋር 106 ዶላር ከ50 ይሆናል። ማጂክ ኪንግደም ላይ በደንብ ከተጠቀማችሁበት አራት ሰዓት ያህል ሊቆጥብ ይችላል፤ አንዱ ሰዓት ለመላው ቤተሰብ 27 ዶላር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። በአንጻሩ ሲንግል ፓስ በ20 ዶላር ለአራት ሰው ብትገዙ ከነታክሱ 85 ዶላር ከ20 ነው፤ አንድ ሰዓት ቢቆጥብላችሁ ያ አንድ ሰዓት 85 ዶላር ፈጀ።

በዚህ ስሌት የማጂክ ኪንግደም መልቲ ፓስ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው፤ በተለይ ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ። ራይዶቹ ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ቁመት አይጠይቁም። ፒተር ፓን፣ ጀንግል ክሩዝ እና ዊኒ ዘ ፑ ላይ ተጠቀሙበት፤ ልጆቹ 112 ሳንቲ ሜትር ከደረሱ ስፔስ ማውንቴንን ጨምሩ። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ጀልባዎቹ ብዙ ሰው ስለሚጭኑ ማለዳ ወይም ማታ በተራው ወረፋ ይገባል። እዚያው ፓርክ ለብቻቸው የሚሸጡት ሁለቱ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬይን እና ትሮን ናቸው። ሰቨን ድዋርፍስ 97 ሳንቲ ሜትር ለደረሰ ልጅ ጥሩ የመጀመሪያ ሮለር ኮስተር ነው፤ ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ፓርኩ ሲከፈት ቀድሞ መድረስ ለሚችል ሰው ገንዘቡ አያስፈልግም። ትሮን 122 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ታዳጊ ወጣቶች ካሏችሁና ማለዳ መድረስ ካልቻላችሁ ግዙት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መግቢያው አጠገብ ባለው የሙከራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፦ እንደ ሞተር ሳይክል ወደ ፊት ተደፍቶ የሚቀመጡበት ነው፤ መቆለፊያው ከጀርባና ከባት በኩል ስለሚይዝ ባቱ ወፍራም የሆነ ሰው ላይገጥምለት ይችላል። ለዚህ በአንዳንዶቹ ባቡሮች መጨረሻ ላይ እንደ ተራ ወንበር የሚቀመጡበት ቦታ አለ፤ ሠራተኛውን መጠየቅ ነው።

ሆሊውድ ስቱዲዮስ ላይ ደግሞ አንድ ሲንግል ፓስ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ካለ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስን ይግዛ። ራይድ ከሚባል በተራ የሚያልፉበት ትርኢት ቢባል ይቀላል፤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ እየተሸጋገሩ ከሩብ ሰዓት በላይ ይቆያል። ሐዲድ በሌላቸው ተሽከርካሪዎችና በብዙ የተለያዩ ማሽኖች ስለሚሠራ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ሰዓቱን ለከሰዓት በኋላ አትቁረጡ፤ ጠዋት ላይ ያዙና ቢቆም እንኳ ለመመለስ ቀኑ ይቀራችኋል። መልቲ ፓስ ከገዛችሁ መጀመሪያ የሚያዘው ስሊንኪ ዶግ ዳሽ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ታወር ኦፍ ቴረር ሁሉም አሳንሰሮቹ ሲሠሩ ወረፋው ይፈጥናል፤ በከፊል ሲዘጋ ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መያዝ አይጎዳም። ሚሌኒየም ፋልከን ስመግለርስ ራን ላይ ብቻቸውን ለሚሳፈሩ የተለየ ወረፋ አለ፤ ከስድስቱ ወንበሮች ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ የኋለኛው የመካኒክ ወንበር ነው የሚደርሳችሁ። አብራሪ መሆን የሚፈልግ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይሰለፍ።

ኤፕኮት ላይ ለብቻው የሚሸጠው ሮለር ኮስተር ኮስሚክ ሪዋይንድ ተወዳጅ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚጭን ወረፋው ከሚያስፈራው ይልቅ ይራመዳል። ወንበሩ ስለሚሽከረከር ሲዞር የሚያጥወለውለው ሰው ባይገዛ ይሻላል። መልቲ ፓሱ የሚጠቅመው ለሬሚ እና ለፍሮዝን ኤቨር አፍተር ነው፤ ስፔስሺፕ ኧርዝ እና ሊቪንግ ዊዝ ዘ ላንድ ላይ ማዋል ማባከን ነው። በኢንተርናሽናል ጌትዌይ በር ማለዳ የገባ ሰው ሬሚ ጋ ቀድሞ ይደርሳል።

አኒማል ኪንግደም ላይ መልቲ ፓስ አትግዙ። ራይዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስም ማለዳ እንስሳቱ ሲንቀሳቀሱ ቢታይ ይሻላል፣ ያኔ ደግሞ ወረፋው አጭር ነው። ገንዘቡን ለፍላይት ኦፍ ፓሴጅ ሲንግል ፓስ አድርጉት። ቁመቱ 112 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ተራው ወረፋ ከሰዓት ተኩል በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ራይዱም ለተከፈለበት ዋጋ ይመጥናል።

አሁን ወደ ሰዓት አያያዙ። በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ከሚገባበት ቀን 7 ቀን በፊት፣ ሌላው ደግሞ ፓርኩን ከሚጎበኝበት ቀን 3 ቀን በፊት መያዝ ይችላል። የሚከፈተው በኦርላንዶ ሰዓት ከጠዋቱ 7 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ላይ ነው። ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ይህ ሌሊት 4 ሰዓት (በእኛ 10 ሰዓት) ነው። ከአዲስ አበባ የምትይዙ አሜሪካ ሰዓቷን በምታራምድበት ወቅት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በብርዱ ወቅት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተዘጋጁ። የቤተሰቡ ቲኬት ሁሉ በአንድ ሰው የዲዝኒ የስልክ አፕ ላይ አስቀድሞ መያያዝ አለበት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያልተያያዘ ቲኬት ያለው ሰው ከምርጫው ውጭ ይሆናል። እዚህ ላይ በእኛ ቤተሰቦች የሚደጋገም ችግር አለ፦ የባል፣ የሚስትና የልጆች የመጨረሻ ስም ይለያያል። ሆቴሉን ከአፑ ጋር ስታያይዙ የሚጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥሩና ቦታውን የያዘው ሰው የመጨረሻ ስም ነው። ልክ በመያዣው ላይ እንደተጻፈ አስገቡት፤ አንድ ፊደል ከተለወጠ አያገኘውም።

ከአኒማል ኪንግደም በቀር ራይዶቹ በሁለት ምድብ ተከፍለዋል። አስቀድማችሁ ከተፈላጊዎቹ አንድ፣ ከሌላው ምድብ ሁለት ነው የምትይዙት። ዘዴው ይህ ነው፦ ከሁለተኛው ምድብ የያዛችሁትን አንዱን ለማለዳ አድርጉት። እሱን እንደተጠቀማችሁ የምድቡ ገደብ ይነሳል፤ እዚያው ሳትንቀሳቀሱ ከተፈላጊዎቹ ሌላ አንድ ያዙ። የማይመች ሰዓት ከመጣ ማያ ገጹን እየቆያችሁ አድሱ፤ ሰው ሲሰርዝ ሰዓቶች ብቅ ይላሉ። አፑ ባትሪ ይጨርሳል፤ ፓወር ባንክ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ከውጭ አገር ለምትመጡ ፓርኩ ውስጥ ነጻ ዋይፋይ አለ።

የኦርላንዶ ዝናብ ልክ እንደ አገራችን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። መብረቅ ሲቃረብ ስሊንኪ ዶግና ሰቨን ድዋርፍስ የመሳሰሉት ከቤት ውጭ ያሉ ራይዶች ይቆማሉ። በእነዚህ ወራት የውጭዎቹን ለጠዋት፣ የቤት ውስጦቹን ለከሰዓት ያዙ። በሰዓታችሁ ላይ ራይዱ ቢዘጋ መልቲ ፓሱ አፑ ውስጥ ይለወጣል፤ በሌላ ሰዓት ወይም አፑ በሚዘረዝራቸው ሌሎች ራይዶች ላይ ትጠቀሙበታላችሁ። ለብቻው የተገዛው ከሆነና መመለስ ካልቻላችሁ ሰማያዊ ጃንጥላ ስር የቆሙትን ሠራተኞች እዚያው ቀን አነጋግሩ። አገር ቤት ገብቶ በስልክ መከራከር አድካሚ ነው።

ሳይከፈል የሚዘለልበት መንገድም አለ። በዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው በየቀኑ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት አንድ ሲንግል ፓስ ታስቀራለች። ማታም ፓርኩ ከመዘጋቱ አንድ ደቂቃ በፊት ወረፋ የገባ ሰው ይሳፈራል። ልጃቸው ቁመቱ ያልደረሰ ወላጆች ራይደር ስዊች ይጠይቁ፦ አንደኛው ሲሳፈር ሌላው ልጁን ይይዛል፣ ከዚያ ተራ ሳይጠብቅ እሱም ይሳፈራል። ኦቲዝም ወይም መሰል የእድገት ሁኔታ ያለበት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከጉዞው በፊት በቪዲዮ ጥሪ ዳስ (DAS) የሚባለውን አገልግሎት ጠይቁ። ነጻ ነው፤ ተሳክቶ ከተፈቀደላችሁ ወረፋ ውስጥ ሳትቆሙ የመመለሻ ሰዓት ይሰጣችኋል። ይህን ሳያውቁ ለመልቲ ፓስ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ስላሉ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

እዚያው ከተማ ያለው ዩኒቨርሳል በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ኤክስፕረስ ፓሱ ሰዓት መቁረጥ የለውም። በፖርቶፊኖ ቤይ፣ በሃርድ ሮክ ወይም በሮያል ፓሲፊክ ሆቴል ያረፈ ሰው ግን ለሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ኤክስፕረሱን ከክፍሉ ጋር በነጻ ያገኛል፤ በ2025 ለተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ አያገለግልም። የገባችሁበት ቀንም የወጣችሁበት ቀንም ስለሚቆጠር አንድ አዳር ለሁለት ቀን ይሆናል። ለአራት ሰው ለሁለት ቀን ኤክስፕረስ ከመግዛታችሁ በፊት የአንድ ሌሊት ክፍሉን ዋጋ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩት፤ ክፍሉ ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ቀን ጥቂት አይደለም።