«አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ጎንደር ተቀምጣችሁ ከአዲስ አበባ «ዜሮ» የኤሌክትሪክ መኪና ልታስመጡ ብር ለቋጠራችሁ ነው። ገና ካልከፈላችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ከከፈላችሁ ደግሞ ቶሎ አንብቡት፤ ቀኑ እየሄደባችሁ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቼ ጣጣ ውስጥ ገብቼ ነበር። የሻጩን ስም አልጽፍም። ጉዳያችን ብዙ ተጎትቶ በስምምነት አልቋል። የመኪናውንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብዬ አላምንም።

ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። ማብቂያ ቀኑን ሳላይ አንድ ፍሬ ክኒን ለሰው አልሰጥም። 2.4 ሚሊዮን ብር ስከፍል ግን መኪናው መቼ እንደተሠራ አላየሁም። ባለቤቴ ይህቺን ነገር ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች።

በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ማለት ያው ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። እኔም ከነዳጅ ሰልፍ ልገላገል ብዬ ገባሁበት። መኪናውን ያገኘሁት በደላላ ነው። ፎቶው በቴሌግራም መጣ። የወንበሩ ላስቲክ አልተነሳም። ኪሎ ሜትሩ 38 ይላል። «ዜሮ ነው፣ የ2024 ምርት ነው፣ ዋስትናም አለው» ተባልኩ። አዲስ አበባ ሄጄ አየሁት። ሻጩ ግቢ ውስጥ አንድ ዙር ነዳሁት። ግቢው ሜዳ ነው። ወደድኩት። ማክሰኞ ዕለት ፈረምኩ።

ጎንደር እስኪገባ የነበረውን ጣጣ አላበዛባችሁም። ፋይሉ እስኪያልቅ አራት ቀን እዚያው ቆመ። ጭኖ የሚያመጣው ሎቤድ ተፈልጎ እስኪደርስ አምስት ቀን። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ታርጋ እስኪለጠፍለት ሌላ ሦስት ቀን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ እህቴን ልጠይቅ አዘዞ ወረድኩ።

ሲወርድ እንደ ቅቤ ነው። ስመለስ ባትሪው 41 በመቶ ይላል። ዳገቱን እንደጀመርኩ መኪናው ደከመ። እስከ ታች ብረግጠው ከእግረኛ አይፈጥንም። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ኤሊ በራች፤ ከሥሯ አንድ መስመር ቻይንኛ። ከኋላዬ ባጃጆቹ ክላክሱን አቀለጡት። አንዱ ልጅ በጎኔ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ልጎትትዎት?» አለኝ። በባጃጅ! እኔ ዳር ይዤ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ጽሑፉን ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩት። «የባትሪ ኃይል ተገድቧል» ይላል።

በማግስቱ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ልጅ ቤት ድረስ መጣልኝ። ያስረዳኝን ላስረዳችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ውስጡ ብዙ ሴሎች ተደርድረዋል። ከነዚያ አንዱ ሲደክም፣ የተቀሩት ጤነኛ ቢሆኑም ኮምፒውተሩ የሚያስኬዳችሁ በደካማው ልክ ነው። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ዳገት ላይ ብዙ ጉልበት ሲጠየቅ የደካማው ሴል ቮልቴጅ ያሽቆለቁላል። ኮምፒውተሩም ባትሪውን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ኤሊዋ የምትመጣው ያኔ ነው። ጎንደር ደግሞ ከዳገት በቀር ምን አላት?

ልጁ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጎማው ጎን ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት ቁጥር አለ። በጣቱ አቧራውን ጠረገልኝ። 1422። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። በፈረንጆቹ 2022፣ 14ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ከመኪናው ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢሠራ ያለ ነው። ሁለት ዓመት ግን አይቀድምም።

ከዚያ ወደ ሻንሲ ቁጥሩ ሄድን። ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ 17 ነው። ከግራ ስትቆጥሩ አሥረኛው የሞዴል ዘመኑን ይናገራል። ኤን ከሆነ 2022፣ ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025። የእኔው ኤን ነበር። ውሉ ላይ «የምርት ዘመን 2024» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያ የሻንሲ ቁጥር ራሱ ሰፍሯል። ማለትም ውሸቱንም እውነቱንም አንድ ገጽ ላይ ፈርሜባቸዋለሁ።

ስለዚህ መኪናዬ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ቦታ ቆሞ ኖሯል። ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ከቆመ ይጎዳል። ማንም አልነዳውም፣ እውነት ነው። «ዜሮ» ማለት ግን ያልተነዳ ማለት እንጂ አዲስ ማለት አይደለም።

ሻጩ ዘንድ ሰኞውኑ ደወልኩ። ሲበዛ ትሑት ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሶፍትዌር ነው፣ ልጆቹ ከርቀት ያስተካክሉታል።» ማክሰኞ «ነገ» አለኝ። ረቡዕ «ኢንጂነሩ መስክ ወጥቷል»። ሐሙስ ስልኩ አይነሳም። በሃያኛው ቀን ሲያነሳ ድምፁ ተቀይሯል። «ወንድሜ፣ አዋጁ እኮ 15 ቀን ነው የሚለው» አለኝ።

አዋጁን ከእኔ በፊት አንብቦታል።

እውነቱን ነው ደግሞ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው በዕቃው ላይ ጉድለት ካገኘ፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል ይላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ነው። ለስልክና ለቴሌቪዥን 15 ቀን ይበቃል። ጎንደር ላለ መኪና ገዢ ግን ቀኑ የሚያልቀው ሎቤድ ላይ ነው። እኔ መኪናውን በወጉ የነዳሁት ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች ደግሞ «ነገ» በላቸው።

ያኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ጠበቃ ወዳጄ ነው ያነቃኝ። አዋጁ ራሱ፣ በውል የተሰጠ ዋስትና ወይም ለሸማቹ የተሻለ ሌላ ሕግ ካለ እሱን አይነካም። ሌላው ሕግ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ስለ ሽያጭ ሲናገር ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ ነው ይላል። ገዢም ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ለመክሰስ አንድ ዓመት አለው። ሻጩ ሆን ብሎ ያታለለ ከሆነ ደግሞ «ጊዜው አልፏል» ከሚል ሰበብ ጀርባ መደበቅ አይችልም። ከነጋዴ ሳይሆን ከግለሰብ ለገዛችሁም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው፤ የሸማቾች አዋጁ የሚመለከተው ነጋዴን ነው።

«አስታውቀሃል ወይ?» ሲለኝ «ስንቴ ደወልኩለት» አልኩ። ሳቀብኝ። የስልክ ጥሪ ምን እንዳላችሁ አይናገርም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፦ መቼ እንደገዛሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ምን እንደገጠመኝና መቼ፣ ስካነሩ ያወጣውን፣ ምን እንደምፈልግና እስከ መቼ። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ፣ ማለትም ለመላኩ ማረጋገጫ በሚሰጥበት ፖስታ፣ ላክሁት። ያቺን የጣሊያን ሕንፃ ሳልረግጣት አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። የተሰጠችኝን ትንሽ ወረቀት ከሊብሬው ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኩ። ደብዳቤውን በቴሌግራምም ከነፎቶው ላክሁለት። «አየ» የምትለዋ ሁለት ምልክት ስትመጣ እሷንም ፎቶ አነሳኋት።

የሚያሳፍረኝ ክፍል አሁን ነው። ገንዘቤን መልስልኝ ስል «ችግር የለም፣ በደረሰኙ ልክ እመልሳለሁ» አለኝ። ደረሰኙ 1.3 ሚሊዮን ይላል። ስንገዛ «ታክሱ እንዳይበዛብህ ዝቅ አድርገን እንቁረጠው» ብሎኝ እሺ ብዬ ነበር። ግማሹን ለድርጅቱ ሒሳብ፣ ግማሹን ለአንድ ለማላውቀው ግለሰብ ሒሳብ አስገባሁ። ሕገወጥ መሆኑን አጥቼው አይደለም። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የምትለዋን ነገር ዋጥኳት። ለመንግሥት ልከፍል የነበረውን ጥቂት ብር ቆጥቤ፣ በክርክሩ 1.1 ሚሊዮን ብር ያለ ማስረጃ አስቀረሁ። ጓደኞቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህቺን ያዙ፦ ሙሉው ዋጋ ደረሰኙ ላይ፣ ሙሉው ብር ደረሰኝ ወደሚቆርጠው ድርጅት ሒሳብ።

ከዚያ ውሉ አለ። «መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለዋን አረፍተ ነገር የማያውቅ የለም። ከአያት የወረደች ይመስል ሁሉም ውል ላይ አለች። እኛም ሳናነባት እንፈርማለን። ሻጩ የደበቀውን ጉድለት አትሸፍንለትም፤ ግን መደበቁን ማስረዳት የእናንተ ጣጣ ይሆናል። እኔ ያዳነኝ ያ የምርት ዘመን ነው። 2024 ተብሎ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይዤ እከራከር ነበር? ስለዚህ ሻጩ በአፉ የሚነግራችሁን ሁሉ ውሉ ላይ አስጽፉ፦ የምርት ዘመኑን፣ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ፣ የዋስትናውን ዘመንና ማን እንደሚሰጠው። መጻፉን እንቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ዋስትና አለው» ሲባል ማን ነው ዋስ የሆነው? ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ ፎክስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ብቻ ነው፤ እኛ አገር ግን ሞልቷል። መኪናው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለቻይና የተሠራን መኪና ነጋዴ በራሱ መንገድ ሲያስገባው የፋብሪካው ዋስትና አብሮት አይመጣም። ያላችሁ ዋስትና የነጋዴው ቃል ነው። የቻርጀሩም መሰኪያ የቻይናው ጂቢቲ እንጂ የአውሮፓው ሲሲኤስ አይሆንም። ኢንሹራንስም ቢሆን ሙሉ ሽፋን ገብታችሁም ግጭትና ስርቆት እንጂ የባትሪ ድካም አይከፍልም።

ደግሞ ሁሉም ቅሬታ ጉድለት አይደለም። «510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብዬ 360 ሄደልኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያ ቁጥር በቻይና የፍተሻ ስሌት የተገኘ ነው። በእኛ ዳገት ማንም አያገኘውም። በእሱ ብትከሱ ትደክማላችሁ።

የእኔ ነገር እንዴት አለቀ? የስካነሩን ውጤት፣ የጎማውን ቁጥር፣ ውሉንና የሪኮማንዴዋን ወረቀት ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ንግድ ቢሮ አቤቱታ ላስገባ መሆኑን ነገርኩት። ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠው ደረሰኝ ነገር እሱንም እኔንም ያስፈራል፤ እዚያ ላይ ሁለታችንም አጎንብሰን ነው የተደራደርነው። የተጎዳውን የባትሪ ክፍል በራሱ ወጪ ቀየረልኝ። ሎቤዱን ደርሶ መልስ እኔ ከፈልኩ። ሁለት ወር ያለ መኪና ቆየሁ። ብዬ ብዬ ካሳ አላገኘሁም።

አሁን ቢሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ስካነር ያለው ሰው ይዤ እሄዳለሁ፤ አበሉ ከሎቤዱ ይረክሳል። ከመፈረሜ በፊት ባትሪው ከግማሽ በታች እያለ እንጦጦን አስወጣዋለሁ። ሻጩ «ታርጋ የለውም፣ ከግቢ አይወጣም» ካለኝ ተለጣፊ ጊዜያዊ ታርጋ እስኪያወጣ እጠብቃለሁ። ብሩም እስከዚያ ከእኔ ጋር ይጠብቃል። ችግር ካየሁም መጀመሪያ የምልከው ደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ «ነገ» ይበለኝ።

ባለፈው ሳምንት ማራኪ ሰፈር ያለው ጎረቤቴ፣ ልጁ ከአዲስ አበባ የላከለትን የመኪና ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ነው፣ ያምራል። የወንበሩ ላስቲክ አልተነሳም። «የጎማውን ጎን አስነሳው» አልኩት። ማታ ላከልኝ። 3522 ይላል።

ብሩን እስካሁን አላስገባም።